ቀዳዳው አንድ፣ ፍጥነቱ ብዙ

ጥር የሠርግ ወር ነው። ሰኞ ጠዋት በአዲስ አበባ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ቤቶች ሥራ የሚጀመረው በመቁረጥና በመቀጠል ሳይሆን በመገልበጥ ነው። ሙሽራዋ ከእናት አባቷ ቤት ስትወጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት፣ የአዳራሹ ጭፈራ፣ የመልሱ ድግስ፤ ሁሉም በሁለትና በሦስት ካሜራ ተቀርጾ በትንንሽ ካርዶች ውስጥ ተቀምጧል። ካርዶቹ መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ ይገለበጣሉ። ሁለተኛው ቅጂ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ግን ካርዶቹን ማንም አያጸዳቸውም። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ደንብ ይህ ነው፤ ሠርግ ተመልሶ አይቀረጽምና።

የአንዱ ሠርግ ቀረጻ 256 ጊጋባይት ሆነ እንበል። ኤዲተሩ የገዛው ዲስክ ኤስኤስዲ ነው፤ በሰከንድ ብዙ መቶ ሜጋባይት እንደሚገለብጥ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ሰክቶ ሲያስጀምረው ግን ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ከ40 ሜጋባይት ንቅንቅ አይልም። በዚህ አካሄድ ሥራው አንድ ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። ዲስኩ ፎርጅድ አይደለም፤ ላፕቶፑም አላረጀም። ሁለቱን ያገናኘው ኬብል የስልክ ቻርጀር ኬብል ነው። ከዲስኩ ጋር የመጣው አጭር ኬብል ሲሰካ ያው ቀረጻ በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ተገልብጦ ያልቃል።

ሁለቱ ኬብሎች ጫፋቸው ፍጹም አንድ ነው። ሁለቱም ዩኤስቢ-ሲ የሚባለው፣ ገልብጠውም ሆነ ቀጥ አድርገው ቢሰኩት የሚገባው ሞላላ ጫፍ አላቸው። ይህ ጫፍ ሃያ አራት መገናኛ ነጥቦችን መያዝ ይችላል፤ ከነጥቦቹ ኋላ ምን ያህል ሽቦ እንደተዘረጋ ግን ከውጭ አይታይም። አብዛኞቹ የቻርጀር ኬብሎች የኤሌክትሪክ ኃይሉን የሚሸከሙ ሽቦዎችና እ.ኤ.አ. በ2000 ለወጣው ዩኤስቢ 2.0 የሚበቃ አንድ ጥንድ የዳታ ሽቦ ብቻ አላቸው። ለከፍተኛ ፍጥነት የሚያስፈልጉት ጥንዶች ጨርሶ አልገቡም። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ስልክ ለመሙላት ሌላው ሽቦ አያስፈልግም፣ ኬብሉንም ያወፍረዋል፣ ያስወድደዋልም።

ነገሩ በኬብል ብቻ አያበቃም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 አይፎን 15ን ሲያወጣ ስልኮቹ ሁሉ ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ነበራቸው። በመደበኛው አይፎን 15 ያ ቀዳዳ ዳታ የሚያሳልፈው በሰከንድ 480 ሜጋ ቢት ነው፤ በፕሮ ሞዴሎቹ ግን 10 ጊጋ ቢት ይደርሳል። አንድ ኩባንያ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት ቀዳዳ፣ የፍጥነቱ ልዩነት ግን ከሃያ እጥፍ በላይ። ላፕቶፖችም እንደዚሁ ናቸው፤ በአንዱ ላፕቶፕ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ቀዳዳዎች እንኳ አቅማቸው የሚለያይበት ጊዜ አለ። ዲስክና ላፕቶፕ ሲገናኙ ፍጥነቱን የሚወስኑት የላፕቶፑ ፖርት፣ ኬብሉ፣ መሃል ላይ ሀብ ወይም አዳፕተር ካለ እሱ፣ በመጨረሻም ዲስኩ ራሱ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከዘገየ የሌሎቹ ጉብዝና ከንቱ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ዲስኩ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ግን ኬብሉ ላይ ነው።

ግዢ ላይ ሰውን የሚያሳስት ሌላ ነገር አለ። የኬብልና የፖርት ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በቢት ነው፤ ስክሪን ላይ የሚታየው ባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 480 ሜጋ ቢት በወረቀት ላይ 60 ሜጋባይት፣ በተግባር ደግሞ ወደ 40 ገደማ ይሆናል። 5 ጊጋ ቢት የተባለው በጥሩ ኤስኤስዲ 400 ሜጋባይት ያህል ይሰጣል። 10 ጊጋ ቢት የተባለው ወደ 1,000 ይጠጋል።

ይህ ግራ መጋባት የመጣው ከአንድ መልካም ሐሳብ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት ኮምፒውተር ገዝቶ ማገናኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ፕሪንተሩ ሰፊ መሰኪያ ነበረው፤ ሞደሙ ሌላ፤ ኪቦርዱና ማውሱ ክብ ክብ ነገር። ብዙ ጊዜም አዲሱ ዕቃ እንዲታወቅ ማሽኑ ጠፍቶ መነሳት ነበረበት። በኢንቴል ይሠራ የነበረው የሕንድ ተወላጅ መሐንዲስ አጃይ ባትና ባልደረቦቹ፣ ከኮምፓክ፣ ከአይቢኤም፣ ከማይክሮሶፍትና ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ሆነው፣ ለሁሉም ዕቃ አንድ ቀዳዳ እንዲበቃ አሰቡ። ዩኤስቢ 1.0 እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ወጣ፤ ከፍተኛው ፍጥነቱ በሰከንድ 12 ሜጋ ቢት ነበር። በ1998 አፕል አይማክን ሲያወጣ የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ትቶ ዩኤስቢን በመያዙ ገበያው ተከተለ። በ2000 ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ፍላሾች ለገበያ ቀረቡ። 8 ሜጋባይት ብቻ ነበር የሚይዙት፤ ቢሆንም ከአምስት ፍሎፒ ዲስክ ይበልጣሉ።

ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ በየጥቂት ዓመቱ አደገ፣ ስሙም አብሮ ተመሰቃቀለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዩኤስቢ 3.0 ተብሎ የወጣው 5 ጊጋ ቢት፣ ቆይቶ ዩኤስቢ 3.1 ጄን 1 ተባለ፤ እንደገና ዩኤስቢ 3.2 ጄን 1 ተባለ። ዕቃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስሙ ነው። ካርቶን ላይ 3.2 ያነበበ ገዢ ከ3.0 የተሻለ ነገር እንደያዘ ቢያስብ አይፈረድበትም። የዩኤስቢን ደረጃዎች የሚያወጣው ማኅበር በ2022 ካርቶኖች ከስሙ ይልቅ ፍጥነቱን በቁጥር፣ 5፣ 10፣ 20፣ 40 ብለው እንዲያሳዩ መከረ። መዘግየቱ ያሳዝናል፤ ምክሩ ግን ትክክል ነው። ሱቅ ውስጥ የቆመ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ስንተኛ ዩኤስቢ እንደሆነ ሳይሆን ስንት ጊጋ ቢት እንደሆነ ነው።

ስለ ዲስኩም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ርካሹ ኤክስተርናል አሁንም ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ያለው ሃርድ ዲስክ ነው። ሳህኑ በተለመዱት ሞዴሎች በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ የሚያነበው ራስ በላዩ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ነው። ስለዚህ እየሠራ እያለ ማንቀሳቀስ፣ ጉልበት ላይ አስቀምጦ መኪና ውስጥ መገልበጥ ለሞት የሚዳርገው ነገር ነው። ትልልቅ ፋይሎችን በሰከንድ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ይገለብጣል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፎቶዎች ሲመጡበት ግን ራሱ ከቦታ ቦታ ሲሯሯጥ ፍጥነቱ ይወርዳል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ለሥራ ኤስኤስዲ፣ ለማከማቻ ሃርድ ዲስክ ማለት አቅም ለሌለው ሰው ጥሩ ክፍፍል ነው።

ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ቀጭ ቀጭ እያለ ሳይታይ ሲቀር ብዙዎች ተበላሸ ብለው ይደነግጣሉ። ከመደንገጥ በፊት ኃይሉን ማየት ይገባል። የዩኤስቢ 2.0 ፖርት እንዲሰጥ የተፈቀደለት 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ ዩኤስቢ 3.0 ወደ 900 ከፍ አድርጎታል። የራሱ ኤሌክትሪክ የሌለው ሀብ ላይ ፍላሽ፣ ማውስና ሃርድ ዲስክ አንድ ላይ ከተሰኩ ያችኑ ኃይል ይሻማሉ፤ ሳህኑም መዞር ያቅተዋል። በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ የሚነሳ ዲስክ ብዙ ነው።

መብራት በየጊዜው በሚሄድበት ከተማ ደግሞ አንድ የማይነገር ጥቅም አለ። ኃይሉን ከላፕቶፑ የሚወስድ ትንሽ ዲስክ መብራት ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ ሥራውን ይቀጥላል። ትልቁና ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራው ግን በጽሑፍ መሃል ድርግም ይላል፤ የፋይሎቹ ማውጫ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዚያች ቅጽበት ነው። ሳይሰናበቱ መንቀልም ተመሳሳይ አደጋ አለው። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ወዲህ በነባሪ አሠራሩ ፋይሉን ሳያዘገይ ወዲያው ዲስኩ ላይ እንዲጽፍ ተደርጓል፤ ይህ አደጋውን ቀንሶታል፣ አላጠፋውም። ማክ ላይ ደግሞ ሳያስወጡ መንቀል አሁንም አይመከርም።

ሌላው የዘወትር እሮሮ ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሳለ ፋይሉ ትልቅ ነው ብሎ መመለሱ ነው። ምክንያቱ ፎርማቱ ነው። ፋት 32 የሚባለው የቆየ አሠራር አንዱ ፋይል ከ4 ጊጋባይት እንዲበልጥ አይፈቅድም፤ የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ግን በቀላሉ ያልፈዋል። ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ፎርማት ይህ ገደብ የለበትም፤ ማክ ግን ያነበዋል እንጂ ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት አይጽፍበትም። በዊንዶውስና በማክ መካከል ለሚመላለስ ዲስክ የሚስማማው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ኤክስፋት ነው። ፎርማት ማድረግ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ይህን ውሳኔ ዲስኩ በተገዛ ዕለት፣ ገና ባዶ እያለ መወሰን ይበጃል። ደግሞም 1 ቴራባይት ተብሎ የተገዛው ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ቢታይ ማንም አልሰረቀም። ፋብሪካው በሺህ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ በ1,024።

የኢንተርኔት ቤት ደንበኛ የነበረ ሁሉ ደግሞ ሾርትከት ቫይረስን ያውቀዋል። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ ቦታቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሆነው ይታያሉ፤ ሲጫኗቸው ቫይረሱ ይነሳል። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፌ ጠፋ ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያስደርጋል፤ እውነተኛው ጥፋት የሚደርሰው ያኔ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ ፋይሎቹን ደብቋቸዋል እንጂ አላጠፋቸውም። ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ቫይረሱን አጽድቶ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምርጫ መክፈት ይቀድማል።

ዲስክ ተሸክሞ መሄድ ኋላ ቀርነት የሚመስለው ሰው የሥነ ፈለክ ሊቃውንትን ቢያይ ሐሳቡን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ከሃዋይ እስከ ቺሊ፣ ከስፔን እስከ ደቡብ ዋልታ ያሉ ስምንት ቴሌስኮፖች በአንድ ጊዜ ወደ ጥቁር ጉድጓዶች ተመለከቱ። የተሰበሰበው ዳታ አምስት ፔታባይት ያህል ነበር፤ ሃርድ ዲስኮቹ ግማሽ ቶን ይመዝኑ ነበር። በኢንተርኔት ሊላክ አልቻለም። ዲስኮቹ በአውሮፕላን ተጭነው ማሳቹሴትስ ወዳለው ሄይስታክና ጀርመን ቦን ወዳለው የማክስ ፕላንክ ተቋም ሄዱ። የደቡብ ዋልታው ዳታ ክረምቱ አልፎ አውሮፕላን እስኪያርፍ ወራት ጠብቆ፣ በታኅሣሥ 2017 ደረሰ። የፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ምስል በሚያዝያ 2019 ለዓለም ታየ።

ሒሳቡ ለማንም ይሠራል። በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት በሚሰጥ መስመር 1 ቴራባይት ለመላክ ከዘጠኝ ቀን በላይ ያስፈልጋል፤ ያውም ሳይቋረጥ። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ለሚበር ዘመድ የሠርጉን ቪዲዮ በዲስክ የሚያስይዙ ቤተሰቦች ፈጣኑን መንገድ ነው የመረጡት።

ቤትና ቢሮ ውስጥ ግን ዲስክ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ማዞር አያስፈልግም፤ ለዚህ የተሠራ ነገር ሃምሳ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 1973 ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ባለው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ቦብ ሜትካፍ የሚባል ወጣት ለባልደረቦቹ አንድ ማስታወሻ ጻፈ። የማዕከሉ አልቶ ኮምፒውተሮች እርስ በርስና ከሌዘር ፕሪንተሩ ጋር በአንድ ገመድ እንዲነጋገሩ የሚያስችል ሐሳብ ነበር። መነሻ የሆነው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ደሴቶቹን በሬዲዮ ያገናኘበት አሎሃኔት ነው። ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ የሠሩት የመጀመሪያው ኢተርኔት በሰከንድ 2.94 ሜጋ ቢት ያሳልፍ ነበር። ሜትካፍ በዚህ ሥራው የ2022ን የቱሪንግ ሽልማት አግኝቷል።

ዛሬ ላን ኬብል የሚባለው የኢተርኔት ገመድ ስምንት ሽቦ በአራት ጥንድ የተጠማዘዘበት ነው። ማጠማዘዙ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ለስልክ መስመር ብሎ በ1881 የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል። ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ሁከት የተጠማዘዙትን ሁለቱንም ሽቦዎች እኩል ይነካቸዋል፤ ተቀባዩ ደግሞ የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሆነ ሁከቱ ተጣፍቶ ይቀራል። አንድ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር የሚያስኬደው ይህ ብልሃት ነው።

ላፕቶፖች ግን የላን ኬብሉን ቀዳዳ እየጣሉት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን ማክቡክ ኤር ከወረቀት ፖስታ ውስጥ ሲያወጣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ያ ላፕቶፕ አንድ የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ ነበረው፣ የኢተርኔት አልነበረውም። የላን ጫፍ ወፍራም ስለሆነ ቀጭን ላፕቶፕ ጎን ላይ አይገባም። መፍትሔው በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ አዳፕተር ነው። እዚህም ቁጥር ማየት ያስፈልጋል፦ ሱቅ ውስጥ ርካሹ አዳፕተር ብዙ ጊዜ 100 ሜጋ ቢት ነው፤ ጊጋ ቢት የሚለውን በዩኤስቢ 3.0 ፖርት መሰካት ይገባል፣ አለዚያ የዩኤስቢ 2.0 የ480 ሜጋ ቢት ግድግዳ ይመልሰዋል።

ዋይፋይ እያለ ለምን ሽቦ የሚል ሰው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስልኩን ከፍቶ የሚታዩትን የጎረቤት ዋይፋዮች ይቁጠር። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሕንፃው ሙሉ በእነዚያ ሦስት ይጋፋል። አየሩ የጋራ ስለሆነ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ መጠበቅ አለበት። ሽቦ ላይ ግን ላፕቶፑ በአንድ ጊዜ ይልካልም ይቀበላልም፤ ቪዲዮ ስብሰባ ላይ ድምፅ የሚቆራረጥባቸው ብዙ ሰዎች በአንድ ኬብል ይገላገላሉ። መታወቅ ያለበት ሽቦው ቴሌኮሙ ከሚሰጠው የኢንተርኔት ፍጥነት በላይ አያመጣም። የሚለወጠው ቤት ውስጥ ያለው ነው፦ ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፕ ወደ ጋራ ዲስክ። በጊጋ ቢት ሽቦ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ይሄዳል፤ ያ 256 ጊጋባይት በአርባ ደቂቃ ገደማ ያልፋል። ራውተርም ግድ አይደለም። ሁለት ላፕቶፖች በአንድ ኬብል ቀጥታ ሲያያዙ የዛሬዎቹ ማሽኖች ላኪና ተቀባይ ሽቦውን ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻም ለራሳቸው ይሰጣሉ፤ ከዚያ ፎልደር ማጋራት ብቻ ነው የሚቀረው።

ጊጋ ቢት መሆን የሚገባው መስመር 100 ላይ ተቸክሎ ሲቀር ጥፋቱን መፈለግ የሚገባው ጫፉ ላይ ነው። 100 ሜጋ ቢት ከስምንቱ ሽቦዎች የሚጠቀመው በአራቱ ብቻ ነው፤ ጊጋ ቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ከተቀሩት አራት አንዱ ሲላቀቅ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ ሁለቱ ማሽኖች ተስማምተው ወደ 100 ይወርዳሉ። ባለቤቱ ለዓመታት ሳያውቀው ይኖራል። በነጭ ብርቱካናማ ጀምሮ በቡናማ የሚያልቀውን የቀለም ቅደም ተከተል ጠብቆ ጫፉን እንደገና መግጠም ለባለሙያ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ኬብል ሲገዛም ሽቦው ሙሉ መዳብ መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ቶሎ ይሰበራል፣ በረጅም ርቀትም ይደክማል።

አንድ ዲስክ ግን፣ በምንም ፍጥነት ቢገለበጥ፣ ቅጂ እንጂ መጠባበቂያ አይባልም። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው። ኢትዮጵያ ይህን በተግባር ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካ ተቋማት ጋር ሆና ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አስቀርታለች፤ አንዱ ቅጂ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀመጠ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ለአሥርት ዓመታት ካታሎጉን ሠሩለት። ዛሬ በየገዳማቱ ብራና የሚያነሱ ሰዎች የሚይዙት ፊልም ሳይሆን ዲጂታል ካሜራ፣ ላፕቶፕና ኤክስተርናል ዲስክ ነው። አንድ ዲስክ ብቻ ይዘው ከወረዱ የወራት ሥራ በአንድ መውደቅ ሊጠፋ ይችላል።

ወደ ቀዳዳው ስንመለስ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ስልኮችና ታብሌቶች፣ ከሚያዝያ 28 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ አዳዲስ ላፕቶፖች በዩኤስቢ-ሲ እንዲሞሉ ደንግጓል። ከአውሮፓ በሻንጣ ለሚገቡ ላፕቶፖች ይህ በጎ ዜና ነው፤ የአንዱ ቻርጀር ለሌላው ይሆናል። ሕጉ የሚያስገድደው ግን የመሙያውን ጫፍና አሞላሉን ነው። የዳታውን ፍጥነት ለአምራቹ ትቶታል። በዚያው ቀዳዳ 480 ሜጋ ቢት የሚያሳልፍ ላፕቶፕም፣ 40 ጊጋ ቢት የሚያሳልፍም ሕጉን ያከብራሉ። ገዢው ከቀዳዳው ጎን የተጻፈ 10፣ 20 ወይም 40 የሚል ቁጥር ወይም ተንደርቦልት የሚባለው ፈጣን ግንኙነት የመብረቅ ምልክት ካላገኘ፣ ከመክፈሉ በፊት የሞዴሉን ዝርዝር ከፍቶ ማንበብ ይኖርበታል።